የፕላዝማ መስኮት፦ በቅንጣት አፋጣኝ መሣሪያዎች ጋዝንና ቫኪዩምን የሚለይ ዘዴ

የቅንጣት አፋጣኝ ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶንና አዮን የተባሉትን ጥቃቅን የቁስ አካላት በኤሌክትሪክ ኃይል እየገፋ ከፍተኛ ፍጥነት እንዲያገኙ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ለካንሰር የጨረር ሕክምና፣ የሕክምና መገልገያዎችን ከተሕዋስያን ለማጽዳት፣ ለብረታ ብረት ብየዳ፣ ለኑክሌር ሕክምና ግብአቶች ዝግጅትና ለሳይንሳዊ ምርምር ያገለግላል። ቅንጣቶቹ የሚፋጠኑት ቫኪዩም በተባለው፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍተት ውስጥ ነው። የሚፈለገውን ሥራ የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ውጭ፣ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ባለበት ስፍራ ነው። በመሆኑም ማንኛውም እንዲህ ያለ መሣሪያ ጋዙን ከቫኪዩሙ የሚለይ፣ ቅንጣቶቹን ግን የሚያሳልፍ ወሰን ሊኖረው ግድ ይላል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወሰን ከተዘጋጁት መፍትሔዎች አንዱ የሆነውን የፕላዝማ መስኮት ምንነት፣ አሠራር፣ ጠቀሜታና ውስንነት ያብራራል። የጨረር አገልግሎት የሚሹ ዜጎች፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና በዘርፉ ለመሠማራት የሚያስቡ ባለሙያዎች መሠረታዊ ግንዛቤ እንዲያገኙ ታስቦ የቀረበ ነው።

1. አፋጣኝ መሣሪያ ቫኪዩም የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ውስጥ 25 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ሞለኪውሎች ይገኛሉ። አንድ ኤሌክትሮን በዚህ መካከል ሲጓዝ በየደረጃው ከሞለኪውሎች ጋር ይጋጫል፤ በእያንዳንዱ ግጭት ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ያጣል፤ አቅጣጫውንም ይስታል። ለአብነት ያህል 175 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ተራ አየር ውስጥ ቢለቀቅ ከ1 ሜትር በእጅጉ ያነሰ ርቀት ተጉዞ ይቆማል። በአፋጣኝ መሣሪያ ውስጥ ግን ቅንጣቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው ብዙ ሜትሮችን፣ በታላላቅ የምርምር ማዕከላት ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትሮችን ሳይደናቀፍ መጓዝ ይኖርበታል።

ስለዚህ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ በቅንጣቶቹ መተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር በፓምፖች ተመጥጦ ይወጣል። በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ የሚቀረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከቢሊዮን እጅ አንዱ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ንጽሕናው በዚህ ደረጃ ካልተጠበቀ የቅንጣቱ ጨረር ይበተናል፤ ጉልበቱ ይባክናል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከሙ ክፍሎችም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊጎዱ ይችላሉ።

2. በጋዝና በቫኪዩም መካከል ያለው የወሰን ችግር

የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ነው። የዲያሜትሩ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መስኮት አንድ ገጹ አየር፣ ሌላው ገጹ ቫኪዩም ቢሆን 80 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ይሸከማል። ይህም አንድ ጎልማሳ ሰው በላዩ ላይ ከመቆሙ ጋር የሚቀራረብ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍታ ያላቸው ከተሞች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ጫናው ወደ 60 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል፤ ችግሩ ግን በዚህ አይወገድም።

ከዚህ የተነሣ ወሰኑ ሁለት እርስ በርስ የሚቃረኑ ግዴታዎችን ይሸከማል። ጫናውን እንዲቋቋም ወፍራምና ጠንካራ መሆን ይገባዋል፤ ቅንጣቶቹን ያለ ብክነት እንዲያሳልፍ ደግሞ የሌለ ያህል ስስ መሆን ይገባዋል። የአፋጣኝ መሣሪያ ዘርፍ መሐንዲሶች ለረጅም ዓመታት የደከሙት እነዚህን ሁለት ግዴታዎች ለማስታረቅ ነው።

3. በአገልግሎት ላይ ያሉ ነባር ዘዴዎች

ሀ. ስስ የብረት መስኮት

በስፋት የሚሠራበት ዘዴ በቱቦው ጫፍ ላይ ፎይል የሚባል እጅግ ስስ የብረት ገጽ መግጠም ነው። ለኤሌክትሮን ጨረር ብዙ ጊዜ ቲታኒየም የሚመረጥ ሲሆን፣ ለኤክስሬይ መውጫ ደግሞ ቤሪሊየም የተባለው ቀላል ብረት ያገለግላል። የቲታኒየሙ ፎይል ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት አሥር ማይክሮ ሜትር የሚቆጠር ነው።

ይህ ዘዴ ቀላልና አስተማማኝ ነው። ይሁን እንጂ ጨረሩ በብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ከጉልበቱ ከፊሉን እዚያው ይተዋል፤ የተተወውም ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። የጨረሩ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ፎይሉ ይግላል፤ ማቀዝቀዣው ካልበቃም ይቀደዳል። ከዚህም በላይ ጉልበታቸው አነስተኛ የሆነ ከባድ ቅንጣቶች ብረቱን ጨርሶ ማለፍ አይችሉም። ለምሳሌ 15 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው የቲታኒየም ፎይል 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለውን ፕሮቶን ሙሉ በሙሉ ያስቆመዋል።

ለ. ደረጃ በደረጃ የሚከናወን የአየር መመጠጥ

ሁለተኛው ዘዴ ወሰኑን በጠጣር ነገር ከመዝጋት ይልቅ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ፣ በቀዳዳው የሚገባውን ጋዝ በተከታታይ ክፍሎች በተተከሉ ፓምፖች እየመጠጡ ማስወጣት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ግፊቱ ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ይበልጥ ይቀንሳል፤ በመጨረሻው ክፍል የሚፈለገው ቫኪዩም ይገኛል።

በዚህ መንገድ ጨረሩ የሚያቋርጠው ጠጣር ነገር አይኖርም። ሆኖም ቀዳዳው በሰፋ መጠን የሚገባው ጋዝ ስለሚበዛ ፓምፖቹ እየገዘፉና እየበዙ ይሄዳሉ፤ ወጪውም ይንራል፤ የመሣሪያው ርዝመትም ይጨምራል። ስለሆነም ዘዴው የሚያመቸው ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ሲሆን ነው።

4. ፕላዝማ ምንድን ነው?

ቁስ አካል በጠጣር፣ በፈሳሽና በጋዝ መልክ እንደሚገኝ በትምህርት ቤት ይታወቃል። ጋዝ ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች እየተነጠሉ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ጋዙ አዮኖችና ነጻ ኤሌክትሮኖች የተቀላቀሉበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ብርሃን የሚያመነጭ ይሆናል። ይህ አራተኛው የቁስ ሁኔታ ፕላዝማ ይባላል። መብረቅ፣ ፀሐይና በብየዳ ቤት በዘንጉና በብረቱ መካከል የሚታየው ዓይን የሚወጋ ብርሃን የፕላዝማ ምሳሌዎች ናቸው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የስያሜ መመሳሰል መታወቅ ይኖርበታል። በሕክምና ተቋማት ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል በዚህ ጽሑፍ ከተገለጸው ፕላዝማ ጋር የስም እንጂ የይዘት ግንኙነት የለውም።

5. የፕላዝማ መስኮት አሠራር

የፕላዝማ መስኮት ቀዳዳውን በጠጣር ብረት ሳይሆን እጅግ በጋለ ጋዝ የሚሞላ ዘዴ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ካቶድ፦ ከተንግስተን የሚሠሩና ኤሌክትሮን የሚለቁ የሾሉ ዘንጎች፤
• አኖድ፦ በቦይው ሌላኛ ጫፍ ላይ ሆኖ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀበል ክፍል፤
• የመዳብ ሳህኖች፦ በካቶዱና በአኖዱ መካከል የሚደረደሩ፣ መካከላቸው የተበሳ፣ አንዱ ከሌላው በኤሌክትሪክ የተነጠለና በውኃ የሚቀዘቅዙ ሳህኖች፤
• የጋዝ አቅርቦት፦ አብዛኛውን ጊዜ አርጎን ወይም ሂሊየም፤
• የኃይል አቅርቦት፦ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ያለማቋረጥ የሚሰጥ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ምንጭ።

የሳህኖቹ ቀዳዳዎች ተገጣጥመው ዲያሜትሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ ቀጥ ያለ ቦይ ይፈጥራሉ። ከካቶዱ እስከ አኖዱ የኤሌክትሪክ ቅስት ሲለኮስ ቦይው በፕላዝማ ይሞላል። የፕላዝማው መጠነ ሙቀት ከ12,000 እስከ 15,000 ኬልቪን ይደርሳል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ መጠነ ሙቀት እጥፍ በላይ ነው። በውኃ የሚቀዘቅዙት የመዳብ ግድግዳዎች የፕላዝማውን ዳር እያበረዱ ቅስቱ በቦይው መካከል ረግቶ እንዲቆም ያደርጋሉ፤ ራሳቸውም ሳይቀልጡ ይቆያሉ።

እንዲህ ያለው የጋለ ጋዝ አየርን ሊገታ የሚችለው በሁለት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው እፍግታ ነው። የአንድ ጋዝ ግፊት የሚወሰነው በቅንጣቶቹ ብዛትና በመጠነ ሙቀቱ ነው። መጠነ ሙቀቱ ከፍ ካለ ያንኑ ግፊት ለማስገኘት ጥቂት ቅንጣቶች ይበቃሉ። የክፍል ሙቀት 300 ኬልቪን፣ የፕላዝማው 12,000 ኬልቪን ቢሆን ልዩነቱ 40 እጥፍ ነው። ስለዚህ በቦይው ውስጥ ያለው ፕላዝማ ከአየሩ በ40 እጥፍ ባነሰ እፍግታ የአየሩን ግፊት መመከት ይችላል። ወደ ቫኪዩሙ የሚሾልከው ጋዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ውስጣዊ ሰበቃ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በቀላሉም ይፈሳል። ጋዝ ግን በተቃራኒው ሲሞቅ ውስጣዊ ሰበቃው ይጨምራል፤ በጠባብ ቦይ ውስጥ መፍሰስም ያዳግተዋል። በቦይው ውስጥ ያለው የጋለ ጋዝ በዚህ ባሕርዩ ከኋላው ለሚገፋው ጋዝ እንቅፋት ይሆናል።

በአንጻሩ ለቅንጣቱ ጨረር ይኸው ፕላዝማ የሌለ ያህል ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ እፍግታው በ40 እጥፍ ባነሰ ፕላዝማ ቢሞላ፣ ጨረሩ በመንገዱ የሚያገኘው ቁስ በ1 ሚሊ ሜትር ተራ አየር ውስጥ ካለው አይበልጥም። ይህም ከላይ ለምሳሌ ከተጠቀሰው የ15 ማይክሮ ሜትር የቲታኒየም ፎይል ጋር ሲነጻጸር ከ50 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ፕላዝማው አይቀደድም፤ አይበሳም፤ በጨረሩ ሙቀትም አይጎዳም።

ከዚህ በተጨማሪ በቅስቱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ አቅጣጫው በአግባቡ ከተመረጠ የሚያልፉትን ቅንጣቶች ወደ መካከል ይሰበስባል። ስለዚህ መስኮቱ ወሰን ከመሆኑ ባሻገር ጨረሩን እንደ ምስሪት ያሰባስባል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የፕላዝማ መስኮት ፓምፖችን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ጥቂት ጋዝ ወደ ቫኪዩሙ መሾለኩ ስለማይቀር ከመስኮቱ በስተጀርባ ደረጃ በደረጃ የሚመጥጡ ፓምፖች ይኖራሉ። የዘዴው ጥቅም የፓምፖቹን ሸክም በብዙ እጥፍ ማቃለሉ ነው።

6. የዘዴው አመጣጥ

በቀዝቃዛ ሳህኖች መካከል የሚረጋ የኤሌክትሪክ ቅስት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጀርመን የዳበረ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያገለግል የነበረው የጋለ ጋዝን ባሕርይ ለማጥናት ነበር። ይህ ቅስት ጋዝንና ቫኪዩምን ለመለየት እንዲውል ያደረጉት በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠሩት የፊዚክስ ባለሙያ አዲ ኸርሽኮቪች ናቸው። የሥራቸው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1995 ለኅትመት የበቃ ሲሆን፣ በሙከራውም ቅስቱ በአንድ ወገን የከባቢ አየር ግፊት እያለ በሌላው ወገን ቫኪዩም መጠበቅ መቻሉ ተረጋግጧል። በተከታዮቹ ሙከራዎች 175 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው የኤሌክትሮን ጨረር ከቫኪዩም ተነሥቶ በፕላዝማው ውስጥ በማለፍ ወደ ተራ አየር ወጥቷል።

7. የአገልግሎት መስኮች

ሀ. የኤሌክትሮን ጨረር ብየዳ

በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራ ብየዳ ጥልቅ፣ ጠባብና ጥራቱ የላቀ መጋጠሚያ ያስገኛል። ነገር ግን በተለመደው አሠራር የሚበየደው ዕቃ በሙሉ ወደ ቫኪዩም ክፍል መግባት አለበት። አየሩ እስኪመጠጥ መጠበቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የዕቃውም ግዝፈት በክፍሉ ስፋት ይወሰናል። የመርከብ አካልን የመሳሰሉ ግዙፍ ሥራዎች በዚህ ምክንያት ከዘዴው ተጠቃሚ አይሆኑም። ጨረሩ በፕላዝማ መስኮት በኩል ወደ አየር ከወጣ ግን ዕቃው ባለበት ሊበየድ ይችላል። ዘዴው በቅድሚያ የተፈተነውም ለዚሁ ዓላማ ነው።

ለ. የጋዝ ዒላማና የኒውትሮን ምንጭ

አንዳንድ የኒውትሮን ምንጮች የሚሠሩት የዲውቴሪየም አዮኖችን አፋጥኖ ዲውቴሪየም ወይም ትሪቲየም ወደ ተሞላ የጋዝ ክፍል በመልቀቅ ነው። የአዮኖቹ ጉልበት ብዙውን ጊዜ በጥቂት መቶ ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት የሚለካ በመሆኑ ማናቸውንም የብረት መስኮት አያልፉም። ስለዚህ በአፋጣኙና በጋዙ መካከል ጠጣር ያልሆነ ወሰን የግድ ያስፈልጋል። የፕላዝማ መስኮትን ለዚህ አገልግሎት ለማላመድ በአሜሪካ ጥናቶች ተካሂደዋል።

ይህ ጉዳይ ከሕክምና ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በኑክሌር ሕክምና ምርመራ በስፋት የሚሠራበት ቴክኒሺየም 99ኤም የሚገኘው ሞሊብደነም 99 ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። የሞሊብደነም 99 ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት፣ የቴክኒሺየም 99ኤም ደግሞ 6 ሰዓት ብቻ በመሆኑ ሁለቱንም በመጋዘን አከማችቶ ማቆየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ ቾክ ሪቨር የሚገኘው የኑክሌር ማብለያ በከባድ ውኃ መፍሰስ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ባቆመ ጊዜ በዓለም ዙሪያ የአቅርቦት እጥረት ተከስቷል፤ ብዙ ሕሙማንም ቀጠሯቸው ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ ያለ ማብለያ፣ በአፋጣኝ በሚንቀሳቀስ የኒውትሮን ምንጭ ይህን ንጥረ ነገር ለማምረት የሚደረገው ጥረት ተጠናክሯል። በጋዝና በቫኪዩም መካከል ያለው ወሰን አስተማማኝ መሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት ወሳኝ ነው።

ሐ. የከባድ አዮኖች ምርምር

እንደ ዩራኒየም ያሉ ከባድ አዮኖችን የሚያፋጥኑ ማዕከላት በጉዞው መካከል ከአዮኖቹ ተጨማሪ ኤሌክትሮኖችን መላጥ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህም አዮኖቹ በስስ የካርቦን ፎይል ወይም በጋዝ ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል። ኃይለኛ ጨረር ፎይሉን በአጭር ጊዜ ስለሚጎዳው ጋዝ ተመራጭ ሆኗል። በጃፓን የሚገኘው ሪከን የምርምር ተቋም ለዚህ ዓላማ ሂሊየም ጋዝ ይጠቀማል። በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የብርቅዬ አይሶቶፖች ማዕከል የፕላዝማ መስኮት ሂሊየምን በቦታው ለመገደብ ያለውን ብቃት አጥንቷል፤ በመጨረሻ ግን የመረጠው ስስ የፈሳሽ ሊቲየም ንጣፍን ነው። ይህ ምሳሌ እንደሚያሳየው የፕላዝማ መስኮት ከበርካታ አማራጮች አንዱ እንጂ ለሁሉም ችግር አንድ ወጥ መፍትሔ አይደለም።

8. የዘዴው ውስንነት

• የኃይል ፍጆታ፦ መስኮቱ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር 8 ኪሎ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ይፈልጋል። የብረት መስኮት ግን አንድ ጊዜ ከተገጠመ ኃይል አይጠይቅም።
• የስፋት ገደብ፦ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የሚሾልከው ጋዝም የሚፈለገው ኃይልም ይጨምራል። በመሆኑም ዘዴው ሰፊ ገጽ ለሚሸፍን ጨረር አይመችም።
• የክፍሎች መልበስ፦ የካቶዱ ጫፍ በቅስቱ ሙቀት ቀስ በቀስ ስለሚበላ በየጊዜው መለወጥ አለበት። አገልግሎቱ ያለማቋረጥ ለሳምንታት ለሚቀጥል መሣሪያ ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው።
• የማቀዝቀዣ ጥገኝነት፦ የውኃው ዝውውር ቢቋረጥ የመዳብ ሳህኖቹ በአጭር ጊዜ ይጎዳሉ።
• ያልተጠበቀ መጥፋት፦ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ቅስቱ ቢጠፋ በዚያው ቅጽበት አየሩ ወደ ቫኪዩሙ ይገባል። የብረት መስኮት መብራት ቢጠፋም በቦታው እንዳለ ይቆያል፤ የፕላዝማ መስኮት ግን ህልውናው ከኃይል አቅርቦቱ ጋር የተሳሰረ ነው።

9. የደኅንነት ጥንቃቄዎች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የፕላዝማ መስኮት የሚገጠምበት ተቋም የሚከተሉትን ማሟላት ይጠበቅበታል።

አንደኛ፣ የግፊት መጨመርን ተከታትሎ በሚሊ ሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ቱቦውን የሚዘጋ ፈጣን ቫልቭ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሊኖር ይገባል። የኃይል መቆራረጥ በሚያጋጥምባቸው አካባቢዎች ከዚህ ጋር አስተማማኝ የመጠባበቂያ ኃይል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ቅስቱ ለዓይንና ለቆዳ ጎጂ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያመነጭ የዓይን መከላከያና መጋረጃ የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ አየር የሚወጣ የኤሌክትሮን ጨረር ከሚያርፍበት ብረት ኤክስሬይ ያስነሣል፤ ከአየሩም ኦዞን የተባለ ለመተንፈሻ አካላት ጎጂ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ የጨረር መከላከያ ግድግዳና በቂ የአየር ማናፈሻ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ትሪቲየምን የመሰለ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ሥራ ላይ ሲውል ወደ ፓምፖቹ የሚሾልከው ጋዝ ተሰብስቦ ወደ መነሻው የሚመለስበት ዝግ ሥርዓት መዘርጋት አለበት።

10. ከሀገር ውስጥ አገልግሎት ጋር ያለው ተዛምዶ

በሆስፒታሎች የካንሰር ሕክምና የሚሰጡት መስመራዊ አፋጣኞች በዚህ ጽሑፍ የተገለጸው የጋዝና የቫኪዩም ወሰን ካላቸው መሣሪያዎች መካከል ናቸው። ታካሚው የሚተኛው ተራ አየር ባለበት ክፍል ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚፋጠኑት ከእርሱ ጥቂት ርቀት ላይ ባለ ቫኪዩም ውስጥ ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ወሰኑ ስስ የብረት መስኮት እንጂ ፕላዝማ አይደለም። በሕክምናው የሚውለው የኤሌክትሮን ጉልበት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት በመሆኑ ጨረሩ ስሱን ብረት ያለ ብዙ ብክነት ያልፋል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ሲሰጥበት የቆየው የኮባልት 60 መሣሪያ ደግሞ ጨረሩን የሚያገኘው ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ስለሆነ አፋጣኝም ቫኪዩምም አያስፈልገውም።

የመስመራዊ አፋጣኝ ቫኪዩም መጓደል የሕክምና ቀጠሮ እንዲራዘም ከሚያደርጉ ቴክኒካዊ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ቫኪዩሙ አንድ ጊዜ ከተበላሸ አየሩን እንደገና መጥጦ ማውጣትና መሣሪያውን ፈትሾ ወደ ሥራ መመለስ ጊዜ ይወስዳል። ባለሙያዎች ይህን የሚያደርጉት ታካሚው የታዘዘለትን የጨረር መጠን በትክክል እንዲያገኝ ለማረጋገጥ መሆኑን ተገልጋዮች ሊገነዘቡት ይገባል።

11. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

የፕላዝማ መስኮት በዓይን ይታያል?
አዎ። ቅስቱ ደማቅ ብርሃን አለው። ሆኖም ያለ መከላከያ መነጽር በቀጥታ መመልከት ዓይንን ይጎዳል።

በልብ ወለድ ፊልሞች እንደሚታየው ማናቸውንም ነገር የሚመልስ የማይታይ ግድግዳ ነው?
አይደለም። መስኮቱ የሚገታው የጋዝን ፍሰት ብቻ ነው። ጠጣር ነገር ቢገባበት ያልፋል ወይም በሙቀቱ ይጎዳል እንጂ ተገፍቶ አይመለስም። ስፋቱም በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው።

መስኮቱ ራሱ ራዲዮአክቲቭ ነው?
አይደለም። አርጎንና ሂሊየም ራዲዮአክቲቭ ያልሆኑ ጋዞች ሲሆኑ፣ ቅስቱም ሲጠፋ ጋዙ ወደ ተፈጥሯዊ ሁኔታው ይመለሳል። የጨረር ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመስኮቱ ውስጥ ለሚያልፈው የቅንጣት ጨረርና ለሚያርፍበት ዒላማ ነው።

በፕላዝማ መስኮት አማካይነት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና አለ?
በሆስፒታሎች የሚሠራባቸው መደበኛ የጨረር ሕክምና መሣሪያዎች የፕላዝማ መስኮት አይጠቀሙም። ስለዚህ በዚህ ስም የሚቀርብ የሕክምና ማስታወቂያ ያጋጠመው ሰው ውሳኔ ላይ ከመድረሱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

የቅንጣት አፋጣኝ ወይም ሌላ ጨረር አመንጪ መሣሪያ ወደ ሀገር ማስገባት የሚፈልግ ተቋም ምን ማድረግ አለበት?
ጨረር አመንጪ መሣሪያ ከመግዛቱ፣ ከማስገባቱና ሥራ ላይ ከማዋሉ አስቀድሞ ሥልጣን ካለው የጨረር ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። ይህ ግዴታ መሣሪያው የብረትም ሆነ የፕላዝማ መስኮት ያለው ቢሆን አይለወጥም።

ማጠቃለያ

የቅንጣት አፋጣኝ ጠቀሜታ የሚለካው ቅንጣቶቹን በማፋጠን ችሎታው ብቻ ሳይሆን፣ የተፋጠኑትን ቅንጣቶች ከቫኪዩም አውጥቶ ለሥራ በማብቃት ችሎታውም ጭምር ነው። የብረት መስኮት ቀላልና ኃይል የማይጠይቅ በመሆኑ ጨረሩ ሊያልፈው እስከቻለ ድረስ ተመራጭነቱ ይቀጥላል። ጨረሩ ብረትን ማለፍ የማይችል ወይም ብረትን የሚያቀልጥ ሲሆን ግን የጋለ ጋዝ ጠጣር ነገር ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የማያቋርጥ ኃይል፣ አስተማማኝ ማቀዝቀዣና የነቃ ጥበቃ ነው። የፕላዝማ መስኮትን ለመጠቀም የሚያቅድ ማንኛውም ተቋም ሦስቱንም ማሟላት መቻሉን አስቀድሞ ሊያረጋግጥ ይገባል።